አንድ ጎኑ የማያበራው ዓሣ

ስምንት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ዓሣ ከምን ይሠራል ብትሉኝ ከእንጨት እላችሁ ነበር። ሐይቁ ከቤታችን ሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ቢሆን ነው፤ ብቻዬን ወደዚያ መሄድ ግን ክልክል ነበር። ነፍስ ያለው ዓሣ ሳላይ በፊት በአባቴ ጠረጴዛ ላይ ተጠርቦ፣ ተልጎ፣ ሆዱ ውስጥ ማክበጃ የእርሳስ ብረት ተቀብሮለት፣ አፉ ላይ ሽቦ ተተክሎለት ያየሁት ዓሣ ስፍር ቁጥር የለውም።

አባቴ የውሸት ዓሣ ሠሪ ነበር። ዓሣ አጥማጆች ክር ላይ አስረው ከጀልባ ኋላ የሚጎትቱት፣ ትልቁ ዓሣ እውነተኛ ትንሽ ዓሣ መስሎት የሚውጠው፣ ከነመንጠቆው ማለት ነው። እነዚያ መንጠቆዎች የት ይቀመጡ እንደነበር ልንገራችሁ። ክዳን በሌለው ቆርቆሮ ውስጥ፣ እኔ በምቀመጥበት በኩል፣ ሦስት ሦስት ጥርስ ያላቸው። የልጅ ልጄ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ብትውል እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነው የምውለው። አባቴ ግን አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ መንጠቆውን እሱ ራሱ በመጨረሻ ይገጥመዋል፣ እኔ ጫፉን አልነካም። አልነካሁምም።

እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም አልቆየች። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፤ በአንዱ እንተኛለን፣ በአንዱ ዓሣ ይሠራል፣ ሻይ ይፈላል፣ እንግዳ ይቀመጣል። ግቢው የብዙ ተከራይ ነው፤ መሐሉ ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ ተዘርግቷል፣ ከሥሩ ልጆች ይጫወታሉ። እኔ የምጫወትበት ጊዜ አልነበረኝም፤ ሥራ ነበረኝ። እንዲህ ስል ደረቴን ነፍቼ ነበር የምለው።

ድሮ አባቴ ዓሣዎቹን በቀለም ነበር የሚያስጌጠው። ጫፋቸው እንደ ሽፋሽፍት በቀጠኑ ብሩሾች ቅርፊቱን አንድ በአንድ ይሥላል፤ ለአንድ ዓሣ አንድ ቀን ይፈጅበታል። አንድ ቀን ብሩሾቹን ሁሉ በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀላቸውና፣ «ቀለም ጊዜው አልፎበታል፤ አሁን ወረቀት ነው» አለኝ። እኔም ዘመናዊ ሆንን ብዬ ኮራሁ።

ወረቀቱን ያመጣው ጢሞ ነው። ጢሞ የአባቴ የልብ ወዳጅ፣ የጀልባ ባለቤት፣ የዓሣዎቻችን ዋና ገዢ ነበር። ጢሙ ከአገጩ አልፎ ደረቱ ላይ የሚያርፍ፣ ሲስቅ ጠረጴዛው የሚነቃነቅ ሰው። የስጦታ መጠቅለያ ከሚያትም ቤት የተረፈ ጥቅል አግኝቶ በብብቱ ይዞት መጣ። ሲፈታው ክፍሉ ተለወጠ። መስተዋት ይመስላል፣ መስተዋት ግን አይደለም፤ ትንሽ ሲያዘነብሉት አረንጓዴ፣ ትንሽ ሲመልሱት ሐምራዊ፣ ከዚያ እሳት የመሰለ ቀይ ይሆናል። ዛሬ የልጅ ልጄ ሆሎግራም ይባላል ብላ አስተምራኛለች። እኛ «ብልጭልጩ» ነበር የምንለው።

«ውሃ ውስጥ ሲገባ አስበው እስቲ» አለ ጢሞ። «ዓሣው ከነቤተሰቡ ነው ተሰልፎ የሚመጣው።»

አባቴ ወረቀቱን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ጠረኑን እንኳ አሸተተው። «እጅ ይፈልጋል» አለ። «ትንሽ እጅ። ነይ እስቲ ባለሙያዋ።»

እንዲያ ነው ባለሙያ የሆንኩት። እጄ ትንሽ ስለሆነ ነው የመረጠኝ ብዬ ነው ያመንኩት።

ሥራው እንዲህ ነው። ብልጭልጩ ጀርባው ላይ ነጭ ስስ ወረቀት አለው፤ እሱን ቀስ ብሎ መላጥ ነው። ከዚያ በሽቦ ወንፊት ላይ አስተኝቶ በማንኪያ ጀርባ ማሸት፤ የወንፊቱ ዓይን ሁሉ ቅርፊት ሆኖ ይወጣል። እንጨቱ ላይ ኮላ በስሱ ይቀባል፤ ወዲያው አይለጠፍም። ጣት ሲያስጠጉት ያዝ አድርጎ የሚለቅ እስኪሆን ይጠበቃል። ቸኩለሽ ከለጠፍሽው ይንሸራተታል፣ ዘግይተሽ ከለጠፍሽው ይሸበሸባል። ከመሐል ጀምሮ ወደ ዳር በአውራ ጣት አየሩን እየገፉ ማስወጣት፤ ሆዱ በሚጎብጥበት ቦታ ወረቀቱን ትንሽ ሳብ ማድረግ። ትርፉን አባቴ በምላጭ ይቆርጠዋል፤ አውራ ጣቱን ከፊት እያስቀደመ፣ ምላጩን ከጣቱ ሥር እያስከተለ። ጣቱ ሁልጊዜ ቁስል ነበር። መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ ውስጥ ነክረን መስኮቱ ላይ በገመድ እንሰቅላቸዋለን። ሲዞሩ ግድግዳው ላይ የቀለም ጠብታ ይሮጣል፤ እኔ በዓይኔ እከተለዋለሁ፣ አባቴ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ሬዲዮ ይሰማል።

አባቴ ጥብቅ ሰው ነበር፤ እንደዚያ ነበር የማስበው። ቤት ውስጥ ምንም ነገር ከቦታው አይነቃነቅም። ወንበር ከገፋሁ መመለስ አለብኝ፤ ብርጭቆ ከጠረጴዛው ግራ ጥግ ከወጣ ይቆጣል። ሰው ሲገባ ቀድሞ ሰላም አይልም፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰውየው እስኪናገር ይጠብቃል። ጎረቤቶች ኩሩ ነው ይሉት ነበር። «መንገድ ላይ አየሁት፣ እንዳላየ አለፈኝ» ስትል አንዲቱን ሰምቼ፣ አባቴ ትልቅ ሰው ስለሆነ ነው ብዬ ደስ ብሎኛል። ጋዜጣም ጮክ ብዬ እንዳነብለት ያደርገኝ ነበር፤ ለትምህርቴ ብሎ።

ይህን ሁሉ አሁን አንድ ላይ ሳስቀምጠው ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ነገር ይመስላል። እኔ ሕፃኗ ግን አላወቅሁም። አብረው ሲኖሩ አይታይም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው የጨለመበት።

ያን ክረምት ጢሞ ስድስት ዓሣ አዘዘ። ጥቅሉ እያለቀ ስለነበር በጥንቃቄ ቆረጥነው፤ ለእያንዳንዱ ጎን አንድ፣ በድምሩ አሥራ ሁለት ቁራጭ። አባቴ በጣቱ እየነካ ቆጠራቸውና፣ «ከዚህ ሌላ የለም፤ እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂያቸው» አለኝ።

ዓሣ ሁለቱም ጎኑ ማብራት አለበት ይል ነበር። ውሃ ውስጥ ይገላበጣል፤ አንዱ ጎን ከጠፋ ዓሣው መሞቱ ነው።

በዚያው ሰሞን ነው ጥፍሬ ላይ ቅንጣቢ ብልጭልጭ ተጣብቆ ውሃ ልቀዳ የወጣሁት። ከልብስ ማስጫው ሥር ሦስት ልጆች ገመድ ይዘላሉ። የሦስቱ አለቃ ረጅሟ ናት፤ እኔ ሳልፍ ከዚያ በፊት አንድም ቀን አይታኝ አታውቅም።

«አንቺ የዓሣዋ፣ ጥፍርሽ ላይ ምንድን ነው?»

«ብልጭልጭ ነው። እኛ ነን የምንሠራበት።»

እጄን ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረችው። ሌሎቹም መጡ። ከአባቴና ከጢሞ በቀር ሰው እጄን ሲይዘኝ ያ የመጀመሪያው ነው መሰለኝ፤ የረጅሟ መዳፍ ከገመዱ የተነሣ ሙቅና ሻካራ ነበር።

«ለእኛም ካመጣሽ ትገቢያለሽ» አለች።

አንድ ቁራጭ አመጣሁላቸው። አንድ ብቻ፤ ከአሥራ ሁለቱ አንዱን። ከአሥራ ሁለት አንድ ምን ይጎዳል ብዬ ነው። በመቀስ ቆራርጠው ጥፍራቸው ላይ፣ ጉንጫቸው ላይ፣ ረጅሟ ደግሞ ግንባሯ ላይ ለጠፉት። ከዚያ ገመዱን አዞሩልኝ። መዝለል አልችልም ነበር። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ፣ ጉልበቴ ተላጠ፣ አራተኛው ላይ እግሬ ገባው። ያን ከሰዓት በኋላ የዘለልኩትን ያህል ዕድሜ ልኬን አልዘለልኩም። አባቴ ከቤት ሲጣራ ሰምቻለሁ፤ አልሄድኩም።

በማግሥቱ እየሮጥኩ ሄድኩ።

«ዛሬስ ምን አመጣሽ?» አለች ረጅሟ።

«ምንም።»

«እንግዲያው ገመዱ ሞልቷል።»

ገመድ እንዴት እንደሚሞላ አልጠየቅኋትም። ተመልሼ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ። አምስቱን ዓሣ ጨርሼ ስድስተኛው ላይ ስደርስ አንድ ጎን ቀረኝ። እንጨቱ እርቃኑን ሲያፈጥብኝ ጊዜ፣ ከብልጭልጩ ጀርባ ከተላጠው ነጭ ወረቀት አንዱን አነሣሁ፤ ወንፊቱ ላይ አስተኝቼ በማንኪያ አሸሁት፤ ቅርፊቱ ጥሩ አድርጎ ወጣ። ለጠፍኩት። ላታልለው ብዬ አይደለም፤ ማንም ዓይን ያለው ሰው ነጭ መሆኑን ያያል። ባዶ ከሚሆን ይሻላል ብዬ ነው። ሊቆጣኝ እንደሚችል አውቄ፣ ቁጣውን ለመቀበል እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

አባቴ አምስቱን አየ። ስድስተኛውን አነሣ። አንዱን ጎን በአውራ ጣቱ ከራስ እስከ ጅራት ዳሰሰ፤ ገለበጠና ሌላውን ዳሰሰ። ከዚያ ነጩን ጎን ወደ መስኮቱ አቅንቶ ከፍ አደረገው።

«እይ እንዴት እንደሚያበራ» አለ። «ሁለቱም ጎኑ እኩል። እኔ እንኳ እንዲህ አልለጥፈውም።»

ነጭ መሆኑን አልነገርኩትም። ምሕረት ያደረገልኝ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ምናልባት ሥራዬን ከልቡ አያየውም፣ እንዲያው አፉ እንዳመጣለት ነው የሚያመሰግነኝ። ያ ሐሳብ ከቁጣ ይልቅ ከፋኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጢሞ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ጢሙ ረጥቧል፤ ሲገባ የውሃ ሽታ አብሮት ገባ።

«አንተ ሰውዬ ምን ዓይነት ተንኮል ነው የሠራኸው?» አለ ወንበር እየሳበ። «ያ አንድ ጎኑ ብልጭልጭ፣ አንድ ጎኑ ነጭ ወረቀት የሆነው ዓሣ! ብልጭ ይላል፣ ድርግም ይላል፣ ብልጭ ይላል። የቆሰለ ዓሣ ነው ቁርጥ። አምስቱ ተደምረው የእሱን ሩብ አልያዙም። አሥር እንደዚያ ሥራልኝ።»

አባቴ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ነበር። አላስቀመጠውም፣ አልጠጣበትም።

«ነጭ» አለ።

«ነጭ ነዋ። ይቺን ልጅ ደግሞ ለአንድ ሳምንት አከራየኝ፤ ጀልባዬን በወረቀት ትለብጥልኛለች።»

ሌላ ቀን ቢሆን፣ ጀልባህን ከለበጥከው ዓሣው ጀልባውን ይውጠዋል ይለው ነበር። ያን ቀን ግን «አዎ፣ ሆን ብለን ነው። አዲስ ሙከራ ነው» ብቻ አለ። ጢሞ አንዴ አባቴን አንዴ እኔን አየና ሳቁን ሰበሰበ። ወዲያው ሥራ አለኝ ብሎ ወጣ።

ሸፈነልኝ ብዬ አሰብኩ። አባቴ ስለ እኔ ዋሸ። እንባዬ መጣ፤ ሁሉን ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«ነገ ከእኔ ጋር አትቀመጪ» አለኝ፣ ፊቱ ከእኔ ትንሽ ወደ ግራ ዞሮ። «ውጪ ወጥተሽ ተጫወቺ።»

አፌን ዘጋሁ። ከሥራ መባረሬ ነው። በማግሥቱ ወጣሁ፣ ገመዱ ግን እንደሞላ ነው፤ ከቤታችን ጀርባ ግድግዳውን ተደግፌ ፀሐይዋ እስክትዞር ተቀመጥኩ። በማግሥቱም እንደዚያው። አባቴ ሲጣራ ከሩቅ እንደመጣሁ ለማስመሰል እየሮጥኩ እገባለሁ። «ተጫወትሽ?» ይለኛል። «አዎ» እላለሁ።

በሳምንቱ አክስቴ መጣች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ከሚያስኬድ ከተማ የምትኖር፣ ስትቆጣም ስታዝንም ድምፅዋ አንድ ዓይነት የሆነ ሴት። በምሳ ሰዓት ደርሳ፣ እኔን አቅፋ ስማ ወደ ውጪ ላከችኝ። በመስኮቱ ሥር ቁጭ አልኩ።

«ልጅ ናት እንጂ መነጽር አይደለችም» ስትል ሰማኋት።

በቤታችን መነጽር የለም። የማንን መነጽር ሰበርኩ ብዬ ግራ ገባኝ።

«አውቀዋለሁ እትዬ።»

«ስንት ጊዜ ነው የደበቅኸን? ስንት ጊዜ?»

«እሷ አውቃ ነው» አለ አባቴ። ድምፁ እንደዚያ ሲሆን ሰምቼው አላውቅም። «አውቃ ነው ያደረገችው። አድርጋም ዝም አለችኝ። ስምንት ዓመቷ ነው፣ እትዬ። ከዚህ በኋላ በምን ፊቴ አጠገቧ እቀመጣለሁ?»

ስርቆቴን ነው ብዬ ነው የሰማሁት። አጠገቤ መቀመጥ እንኳ ጠላ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ለመስማት አልፈለግሁም፤ ጆሮዬን ይዤ ወደ ግቢው በር ሄድኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ ረፋዱ ላይ አክስቴ ሻንጣዬን ይዛ፣ አባቴ ክንዷን ይዞ፣ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ አውቶቡስ ተራ ደረስን። የጫማዬን ክር እንደገና አሰረልኝ፤ ሳያየው በጣቱ ብቻ አሰረው። «ትምህርትሽን» አለ። ሌላ የሚለው ነገር ያለ መስሎኝ ጠበቅሁ። አውቶቡሱ ሲነሣ መስታወቱን መታሁ። እጁን አነሣ፤ ግን ያውለበለበው ለእኔ ሳይሆን ከኋላዬ ላለው መስኮት ነበር። ዞሬ አየሁ፤ እዚያ የተቀመጠው ፍሬ የሚበላ የማላውቀው ሰውዬ ነው። አባቴ ለዚያ ሰውዬ እጁን እያውለበለበ ትንሽ ትንሽ ሆኖ ጠፋ።

ዘጠኝ ዓመት አክስቴ ጋ ኖርኩ። አልተጎዳሁም፤ ጠግቤ በላሁ፣ ተማርኩ። ደብዳቤ በየሦስት ወሩ ይመጣል፤ ጽሑፉ የጢሞ ነው፣ አግድም የሄደ፣ መጨረሻው ላይ «አባትሽ» የሚል። ንዴቱ ስላልበረደለት ብዕር መያዝ አልፈለገም ብዬ እያንዳንዱን አጥፌ አስቀምጠው ነበር። በዕረፍት ልሂድ ስል አክስቴ ምክንያት አታጣም፤ ትምህርትሽን ጨርሺ ብሏል ትለኛለች። እኔም ሁለተኛ አልጠይቅም። የሚገባኝ ቅጣት ነው ብዬ ተቀብያለሁ።

በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ ትምህርቴን ጨርሼ ልሄድ ስነሣ፣ አክስቴ አልጋው ላይ አስቀምጣ ነገረችኝ። አባትሽ አያይም፤ አንቺ ከመሄድሽ በፊትም አያይም ነበር፤ እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኝ ነው። ማታ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ ነው የነገረችኝ፤ ቢሆንም ክፍሉ የጨለመብኝ መሰለኝ። የአባቴ ቤት በር ላይ ስደርስ እሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እንደ ድሮው ጠበቀ። «አባዬ» ስለው ነው ፊቱ የተፈታው።

ስለ ወረቀቱ ግን አልተናገርንም። እኔ ስርቆቴን አላነሣ፣ እሱ ለምን እንደላከኝ አያነሣ። ካገባሁ በኋላ ቤቴ አምጥቼው፣ ዕቃውን ሁሉ በቦታ በቦታው አድርጌ፣ በረንዳው ላይ ወንበሩን ዘርግቼለት፣ ዓመታት እንዲሁ እየተጠባበቅን አለፍን።

አንድ ከሰዓት በኋላ ትልቋ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ግቢው ውስጥ ድብብቆሽ ትጫወታለች። ስምንት ዓመቷ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ፣ በደረጃው በኩል አትሩጡ፣ ቆርቆሮው ጋ አትጠጉ እያልኩ ዕረፍት ነስቻቸዋለሁ።

«ተያቸው እስቲ» አለ አባቴ። «እግሯ ሲሮጥ ደስ ይላል። አንቺ እንዲህ አልሮጥሽም። ከጠረጴዛው ጋ አስሬ ነው ያሳደግኩሽ።»

«አላሰርከኝም አባዬ።»

«አስሬሻለሁ። አንቺ ደግሞ አውቀሽ ኖሮ አንድም ቀን አልተናገርሽኝም። ነጩን ወረቀት ለጥፈሽ ስትፈትኚኝ፣ እኔ መስኮቱ ላይ አንሥቼ ያበራል ስልሽ... ዝም ስትዪ።» ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «ልጅ አዘነችልኝ አልኩ። የስምንት ዓመት ልጅ እያዘነችልኝ ዓይን ሆና ከምትኖር ትሂድ አልኩ።»

ሻዩን ልቀዳለት ያነሣሁትን ማንቆርቆሪያ መልሼ አስቀመጥኩት። ይህን ሁሉ ዘመን እንደፈተንኩት ያምን ነበር። እኔ ደግሞ እንዳባረረኝ።

«አባዬ» አልኩት፣ «አልፈተንኩህም። አንተ እንደማታይ አላወቅሁም። አንዱን ቁራጭ ሰርቄ ለግቢው ልጆች ሰጥቼ ጎደለኝ። ካመጣሽ እናጫውትሻለን ስላሉኝ ነው።»

ልጄ ከጓሮ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ስትቆጥር ይሰማል። ተናደደ፣ ወይም አለቀሰ ብዬ ፈራሁ፤ ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ቁራጭ ወረቀት። ሲናገር ግን ድምፁ ሌላ ነበር፤ ከወንበሩ ፈቅ ብሎ ጆሮውን ወደ እኔ አስጠጋ።

«ታዲያ አጫወቱሽ?»

«አጫወቱኝ።»

«ስንት ቀን?»

እኔ ለልጆቼ ውሸት አይሆንም እያልኩ ያሳደግኩ ሴት ነኝ።

«ክረምቱን ሙሉ» አልኩት። «አንተ ውጪ ተጫወቺ ካልከኝ በኋላማ ከጠዋት እስከ ማታ።»

«ውሸትሽን ነው።»

«እውነቴን ነው። ገመድ ነበር የምንዘለው።»

«ማን ይበልጥ ነበር?»

«መጀመሪያ ረጅሟ። ኋላ እኔ።»

ሳቀ፤ ትከሻው እስኪነቃነቅ ድረስ ሳቀ። «እኔ እኮ ያቺ ልጅ ጨዋታ ሳታውቅ አደገች እያልኩ...» ብሎ አልጨረሰውም። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈና፣ «በይ ንገሪኝ» አለኝ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ ንገሪኝ።»

ነገርኩት። ሁለተኛውን ቀን ነገርኩት፣ ሦስተኛውን፣ ዝናብ ሲመጣ ጣሪያ ሥር የተጠለልንበትን፣ ረጅሟ ተቆጥታ የታረቅንበትን፣ ከመካከላችን አንዷ ጫማዋ ጠፍቶ ሁላችንም በባዶ እግራችን የፈለግንበትን። ከየት እንደሚመጣልኝ እንጃ፤ አንዱን ስጨርስ «ከዚያስ?» ይለኛል፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ አመጣለሁ።